ለኦፔራ ምሽት ምን ልልበስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ውጭ የሚሄዱ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ኦፔራ ምንድን ነው? ልብሱስ ለምን ያስጨንቃል?

ኦፔራ በዜማ የሚተረክ ቲያትር ነው። ተዋንያኑ ፍቅራቸውንም ጠባቸውንም ይዘፍኑታል። ከመድረኩ ሥር ኦርኬስትራ ይቀመጣል። ዘፋኞቹ እንደ ልማዱ ማይክ አይዙም፤ በድምፃቸው ብቻ ያንን ትልቅ አዳራሽ ይሞሉታል። ከነእረፍቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ የሚረዝምም አለ።

ልብሱ የሚያስጨንቀው ፊልም ላይ ባየነው ምክንያት ነው። ረጅም ጓንት ያጠለቀች ሴት፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ወንድ፣ አልማዝ፣ ሻማ። ዛሬ እንደዚያ የሚለበስባቸው ምሽቶች ጥቂት ናቸው።

የግድ ሱፍና ከረባት ያስፈልጋል?

በአብዛኛው አያስፈልግም። የለንደኑ ሮያል ኦፔራ ሃውስም ሆነ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ይህን ልበሱ ብለው አያስገድዱም። ጂንስ የለበሰ ወጣትና ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ።

ግን ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። ሚላን ያለው ላ ስካላ ቁምጣ ወይም እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሶ የመጣን ሰው አያስገባም፤ የትኬቱንም ገንዘብ አይመልስም። ካይሮ ከዚህም ይጠብቃል። በካይሮ ኦፔራ ሃውስ ዋና አዳራሽ ወንድ ያለ ኮትና ከረባት አይገባም። ካይሮ ቅርብ ስለሆነች «እዚያማ ምን አለ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ሦስት ነገር መልሼ እጠይቃለሁ። ቤቱ ምን ይላል? ምሽቱ ተራ ነው ወይስ መክፈቻ? መቀመጫችሁስ የት ነው? ቤቱ የሚለው ድረ ገጹ ላይ አለ፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡት። ይህን ሁሉ ማወቅ ካልቻላችሁ ደግሞ ለሥራ ከምትለብሱት አንድ ደረጃ ከፍ፣ ለሰርግ ከምትለብሱት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። እንዲህ ካደረጋችሁ ስህተት ላይ አትወድቁም።

የሰርጌ ሱፍ አለ። እሱ አይሆንም?

ይሆናል። ግን አምጡትና ብርሃን ላይ እንየው። እዚህ ለሰርግ የሚሰፋ ሱፍ አንዳንዱ ያብለጨልጫል። ለፎቶና ለቪዲዮ ታስቦ የተመረጠ ጨርቅ ነው፤ ለቀኑ ያምራል። ለኦፔራ ግን የማያብለጨልጭ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ይሻላል። የሚያብለጨልጨው አንገትጌው ብቻ ከሆነ ልብሱ አልሞተም፤ አንገትጌው ሊቀየር ይችላል።

ቀጥሎ ልኩ ነው። ከሰርግ በኋላ ወገብ ይጨምራል፤ ይህ የሁሉም ሰው ነገር ነው። ጥሩ ሰፊ ሱሪውን ሲሰፋ ከኋላ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። ያ ካለ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መልቀቅ አይከብድም። የኮቱ እጅጌ ረዝሞ ጣት ከሸፈነ ማሳጠር ይቻላል፤ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት። ትከሻው ከሰፋባችሁ ግን እውነቱን እናገራለሁ። ትከሻ ማስተካከል ኮቱን እንደ አዲስ መስፋት ማለት ነው፤ ለእሱ ከምትከፍሉት ሰልባጅ ገብታችሁ በትከሻችሁ ልክ የሆነ ጥሩ የሱፍ ኮት ብትፈልጉ ይሻላችኋል። ወገቡንና እጅጌውን ለእኔ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ልብስ ስትለኩ ቆማችሁ ብቻ አትለኩ። ተቀመጡበት፤ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉበት። ኦፔራ የመቀመጥ ሥራ ነው። ስትቆሙ ልክ የሆነ ሱሪ ስትቀመጡ ሆድ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ሐሳባችሁ ሁሉ ቀበቶው ላይ ይሆናል፤ ዘፈኑን አትሰሙትም።

ሴት ምን ብትለብስ ጥሩ ነው?

ከጉልበት በታች የሆነ ቀሚስ፣ ወይም ጥሩ ሱሪ ከሚያምር ሸሚዝ ጋር። ሱሪ ነውር አይደለም። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለተራ ምሽት አያስፈልግም፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ ጠርዙን ትረግጡታላችሁ።

የሚረሳው ነገር ድምፅ ነው። ማይክ በሌለበት አዳራሽ ሁሉም ነገር ይሰማል። የሚንሿሿ አምባር ቤት ይቅር። ሲንቀሳቀሱበት የሚንኮሻኮሽ ጨርቅም አልመክርም። ፀጉራችሁን ወደ ላይ አግዝፋችሁ አትሠሩት፤ ከኋላ ያለው ሰው መድረኩን ማየት ይፈልጋል። ሽቶም ቀነስ።

ታኮ ጫማ ላድርግ?

እንደ መሬቱ ነው። ምንጣፍና እብነ በረድ ላይ ችግር የለውም። እንግሊዝ አገር ግላይንድቦርን የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚካሄድ የኦፔራ ፌስቲቫል አለ፤ በረጅሙ እረፍት ታዳሚው ሣር ላይ ምግቡን ዘርግቶ ይበላል። ቀጭን ታኮ እዚያ ሣሩ ውስጥ ይሰምጣል። ሐይቃችን ዳር ባሉት ሆቴሎች ግቢ ሰርግ የበላ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወፈር ያለ ታኮ ወይም ዝቅ ያለ ጫማ አድርጉ።

ስኒከርስ?

ንጹሕ፣ አንድ ቀለምና ጠቆር ያለ ከሆነ በብዙ ቤቶች ያልፋል። የስፖርት ከመሰለ አይሁን። ለወንድ ግን የተወለወለ የቆዳ ጫማ ካለ ስለ ስኒከር ባናወራ ደስ ይለኛል። ፒያሳ ያሉት ሊስትሮዎች በአሥር ደቂቃ ያረጀን ጫማ እንዴት እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ።

የሀበሻ ቀሚስ ብለብስ ያስኬዳል?

በደንብ ያስኬዳል። የትም ቤት የማያሳፍር አንድ ልብስ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ርዝመት አለው፣ ክብር አለው፣ የእጅ ሥራ አለው። ሸማኔ ቀናት የደከመበት ጥበብ ከየትኛውም የምሽት ልብስ ጎን ይቆማል። በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ ጉዱማሌ ላይ የምናየው የሲዳማ ባህላዊ ልብስም እንዲሁ ነው። ወንድ ደግሞ አንገቱና እጅጌው ላይ ጥበብ ያለው ነጭ ሸሚዝ ከጥቁር ሱሪና ኮት ጋር ቢለብስ በጣም ያምርበታል። ካይሮ ከሆነ ግን ከረባቱን አይርሳ።

ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። በወንበሮቹ መሃል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ነጠላችሁ ጎረቤት ጭን ላይ እንዳያርፍ ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ጨርቁ ስስ ከሆነ ገበር አስገቡለት፤ የአዳራሹ መተላለፊያ መብራት ኃይለኛ ነው፤ ስስ ነጭ ጨርቅ ያሳያል። ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋችሁ ሳይሆን ጠቅልላችሁ ክተቱት። እዚያ ስትደርሱ ካውያ ካጣችሁ ሻወር ቤት ውስጥ ስቀሉት፤ ሙቅ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ። እንፋሎቱ ጭምድዱን ይፈታዋል።

ስለ ሀገር ልብስ ሲነሳ «አይዳ»ን ሳላነሳ አላልፍም። ጣሊያናዊው ጁዜፔ ቨርዲ ያቀናበረው ይህ ኦፔራ የኢትዮጵያ ልዕልት ታሪክ ነው። አይዳ ተማርካ ግብፅ ውስጥ በባርነት የምትኖር የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ንጉሡ አሞናስሮ ይባላል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ውስጥ ነው። ያ ቤት በ1971 ተቃጥሏል፤ አሁን ያለው የካይሮ ኦፔራ ሃውስ የተከፈተው በ1988 ነው። «አይዳ» ጣሊያን ቬሮና ውስጥም በጥንቱ የሮማውያን አሬና ከ1913 ጀምሮ በአውሮፓ በጋ ሲታይ ኖሯል። እዚያ ለሄደች አንዲት ደንበኛዬ የጥበብ ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ስለ ኢትዮጵያ ልዕልት ሲዘፈን የኢትዮጵያ ሸማ እዚያ መገኘቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ቬሮና ርካሹ መቀመጫ የድንጋይ ደረጃ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳችሁ ድንጋይ ላይ አትቀመጡ፤ ትንሽ ትራስ ያዙ።

ርካሹን ትኬት ነው የቆረጥኩት። ሽክ ማለት አለብኝ?

የለባችሁም። ከላይ ያሉት ርካሽ መቀመጫዎች ላይ ተማሪ ይበዛል፤ ቀለል ብሎ ነው የሚለበሰው። የቪየና ኦፔራ ቤት ቆመው ለሚያዩ ሰዎች ቦታ አለው፤ ከ400 በላይ ሰው ይይዛል። ቆማችሁ ለምታዩ ከቀሚሱ በፊት ጫማውን አስቡ።

ቪየና እህቴን ልጠይቅ ሄጄ በዚያ ቦታ ቆሜ አይቻለሁ። ሰዎቹ ገብተው ቦታ ሲይዙ ከፊታቸው ባለው ብረት ላይ ሻርፕ ያስራሉ። ሻርፑ ከታሰረ ቦታው የእናንተ ነው፤ ወጥታችሁ ብትመለሱ ማንም አይነካውም። እኔ ነጠላዬን አሰርኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አዲስ ጫማ አድርጌ ቆሜ ስለነበር ግን የመጨረሻውን ክፍል ያሳለፍኩት እግሬን እያሰብኩ ነው። ያ ይቆጨኛል። የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ።

ብርድ ነው ይባላል። ካፖርቴን የት ነው የማደርገው?

መግቢያው አጠገብ ልብስ የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ። ካፖርት፣ ጃንጥላና ትልቅ ቦርሳ ትሰጣላችሁ፤ ቁጥር ይሰጧችኋል። ቪየና ውስጥ ካፖርት ይዞ አዳራሽ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ከውስጥ የምትለብሱት ለብቻው የሚበቃ ይሁን። ከሐዋሳ ለሚሄድ ሰው ሌላው ችግር ወፍራም ካፖርት አለመኖሩ ነው። ሰልባጅ ውስጥ አለ። ኪሱን፣ ገበሩን፣ ብብቱን አይታችሁ ግዙ።

ትኬቱ 19፡00 ይላል። ስንት ሰዓት ነው የምለብሰው?

ይህ ከልብስ ጥያቄ በላይ ነው። 19፡00 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የዘገየ ሰው እስከ እረፍቱ ድረስ ውጭ ሊቆይ ይችላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ሁኑ።

ትኬቱ ወይም ጥሪው ላይ «ብላክ ታይ» ይላል። ጥቁር ከረባት ማለት ነው?

አይደለም። ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ብላክ ታይ ማለት ጥቁር ኮት፣ አንገትጌው የሐር መልክ ያለው፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር የቢራቢሮ ከረባት ነው። ሴቷ ረጅም የምሽት ቀሚስ ወይም በጣም ያማረ አጭር ቀሚስ ትለብሳለች። ግላይንድቦርን እንደዚህ ነው የሚለበሰው። ላ ስካላ ወቅቱን የሚከፍተው በየዓመቱ ዲሴምበር 7 ነው፤ ያን ምሽት ሰው ያለውን ሁሉ ለብሶ ይወጣል።

«ዋይት ታይ» ከዚህም በላይ ነው። ከኋላው ጭራ ያለው ኮት፣ ነጭ ሰደርያና ነጭ የቢራቢሮ ከረባት። የቪየናው የኦፔራ ዳንስ ምሽት ይህን ያስገድዳል፤ ሴቶች እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ መልበስ አለባቸው። ኦፔራ ማየትና የኦፔራ ዳንስ ምሽት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ደንበኛዬ ሁለቱን አምታቶ ለተራ ምሽት ጭራ ያለው ኮት ስፊልኝ ብሎኝ ነበር። ጥሪውን አብረን አነበብነው፤ ብሩ ተረፈለት። እንዲህ ያለ ልብስ ለአንድ ምሽት ማሰፋት አልመክርም። እዚያው አገር ኪራይ አለ።

ሐዋሳ ኦፔራ ቤት የለም። ይህ ሁሉ እዚህ ምን ይጠቅመኛል?

እዚህም የምንለብስበት ምሽት አለ። ሲዳማ ባህል አዳራሽ ቲያትርና የሙዚቃ ዝግጅት ይኖራል። ሆቴሎቹ ውስጥ የምረቃ እራትና የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት አለ። ሦስቱ ጥያቄዎች እዚህም ይሠራሉ፦ ቤቱ፣ ምሽቱ፣ መቀመጫው። ፊት ወንበር ላይ የተጠራ ሰው ሙሉ ልብስ ይልበስ። ለቲያትር ንጹሕ ሱሪና የተተኮሰ ሸሚዝ ይበቃል።

ሐዋሳ የራሷ ጠባይ አላት። ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፤ ትንኝም አለ። ውጭ የሚቀመጥ ሰው እጅጌ ያለው ልብስ ወይም ነጠላ ይያዝ። በክረምት ደግሞ ከባጃጅ ስትወርዱ ጭቃ ነው። ጥሩውን ጫማ ፌስታል ውስጥ ይዤ ሄጄ በር ላይ እቀይራለሁ። ማንም ተገርሞብኝ አያውቅም።

ስደርስ ከሁሉም ሰው በላይ ለብሼ ብገኝስ? በታች ብሆንስ?

በላይ መሆን ቀላል ነው። ከረባቱን ፈታችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ አንድ ቁልፍ ልቀቁ። ሴቷ ትልቁን ጌጥ ታውልቅ። በዚያ ላይ ለዘፋኞቹ ክብር ብሎ ያጌጠን ሰው የሚነቅፍ የለም።

በታች መሆን ይከብዳል፤ ምክንያቱም በር ላይ የሚጨመር ነገር አይገኝም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ አንድ ከረባት ወይም አንድ ጥሩ ሻርፕ ያዙ የምለው። ክብደት የለውም። እሱም ከሌለ ሸሚዛችሁን አስገቡ፣ እጅጌውን አውርዳችሁ ቆልፉ፣ ጫማችሁን ጥረጉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ሁሉም ወደ መድረኩ ነው የሚያየው።

ባለቤቴ ከረባት አላስርም ይላል። እኔ ደግሞ ረጅም ቀሚስ አሰፍቻለሁ።

ሁለታችሁ አንድ ምሽት የምትሄዱ መምሰል አለባችሁ። እሱ ጂንስ፣ እርስዎ ረጅም ቀሚስ ከሆነ ሁለታችሁም ትጨነቃላችሁ። ቤቱ ካላስገደደ ከረባቱን ይተዉለት፤ በምትኩ ኮቱንና የተወለወለ ጫማውን ይጠይቁት። አንገትጌው ቀጥ ብሎ የሚቆም ሸሚዝ ከሰፋሁለት ደግሞ ያለ ከረባት ሙሉ ይመስላል። ቤቱ ካስገደደ ግን ክርክር የለም፤ በር ላይ ይመልሱታል።

እናቴ «ጥቁር ለብሰሽ አትሂጂ፣ ሟርት ነው» አለችኝ። እዚያ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ነው የሚለብሰው ይባላል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። እዚያ ጥቁር የምሽት ልብስ ቀለም ነው፤ ማንም ሐዘን አያስብም። እዚህ ግን ጥቁር ከላይ እስከ ታች የሚለብሰው ሰው የሞተበት ነው። እናት ልጇን ሩቅ አገር ስትልክ በጥቁር ልብስ ማሰብ ይከብዳታል። ይህን አጉል እምነት ነው ብዬ አላቃልለውም።

ጥቁር ሳትለብሱ ጨለም ያለ ልብስ መልበስ ትችላላችሁ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ በአዳራሽ መብራት ከጥቁር እኩል ያምራሉ። ጥቁሩ ቀሚስ ተሰፍቶ ካለቀ ደግሞ ባለ ጥበብ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ይደረግ፤ መልኩ ይቀየራል። የእውነት ሐዘን ላይ ካላችሁና ጥቁሩን ማውለቅ ካልፈለጋችሁም ልበሱት። እዚያ ለምን ለበሳችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሐዘናችሁን ይዛችሁ በዝምታ መቀመጥ ትችላላችሁ።

አምና ለትምህርት ለምትሄድ ልጅ አንድ ቀሚስ ሰፋሁ። ከመውሰዷ በፊት እናቷ ሱቅ መጡ። ጨርቁን በእጃቸው ዳሰሱ፣ አገላበጡት። «ይሄ ጥቁር አይደለም አይደል ልጄ?» አሉኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ በፀሐይ አሳየኋቸው። አረንጓዴ ነበር።